«አለኝ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንበለው? ሴይን ከቴል ደረጃ በደረጃ መለየት

ሐዋሳ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለፈተና ብቻ አይደለም። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች፣ አሞራ ገደል ጀልባ ላይ፣ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ አለ። እንግዳው ያለውን ለሼፉ፣ ሱፐርቫይዘሯ ያለችውን ለኦፕሬተሩ፣ ጥበቃው ያለውን ለፈረንጁ። እና እዚህ ላይ በብዛት የሚሰማው «ሂ ሴድ ሚ» ነው።

«ሂ ሴድ ሚ» አይባልም። ግን ሰው እንዲህ የሚለው ሰንፎ ወይም ሳይማር ቀርቶ አይደለም፤ አማርኛችን ራሱ ነው ወደዚያ የሚወስደን። እኛ «አለኝ»ም እንላለን፣ «ነገረኝ»ም እንላለን፣ ሁለቱም ላይ «ኝ» ያለምንም ችግር ትቀመጣለች። እንግሊዝኛ ግን ሰሚውን ግሱ አጠገብ በቀጥታ እንድታስቀምጡ የሚፈቅደው ለቴል ነው እንጂ ለሴይ አይደለም። «ሴይ ማለት አለ፣ ቴል ማለት ነገረ» ተብሎ ሲታለፍ በጣም ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም እኛን የሚያደናቅፈን «አለ» ሳይሆን «አለኝ» ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ነጥሎ አያስረዳንም። ስለዚህ ከራሳችን ቋንቋ ተነስተን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

1. መጀመሪያ ሰሚውን ፈልጉ

ከመናገራችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ነገሩ የተባለው ለማን እንደሆነ እየጠቀስኩ ነው? ለእኔ፣ ለእሷ፣ ለሾፌሩ፣ ለእንግዳው? ከጠቀሳችሁ ቴል (ሲያልፍ «ቶልድ»)፤ ካልጠቀሳችሁ ሴይ (ሲያልፍ «ሴድ»)።

አማርኛው ላይ ምልክቱ ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው ቅጥያ ነች። «ክፍሉ ይሞቃል አለ» ካላችሁ ሰሚ የለም፤ «ሂ ሴድ ዘ ሩም ዋዝ ሆት» በሉ። «ክፍሉ ይሞቃል አለኝ» ካላችሁ «ኝ» መጣች፤ «ሂ ቶልድ ሚ ዘ ሩም ዋዝ ሆት» ይሆናል። «አላት»፣ «አላቸው»፣ «አልኩት»፣ «አልናቸው» ሁሉም ሰሚ ይዘዋል፣ ሁሉም ወደ ቴል ነው የሚሄዱት። «አልኩት» «አይ ቶልድ ሂም» ነው። «አልናቸው» «ዊ ቶልድ ዜም» ነው።

በነገራችን ላይ «አለኝ» ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነገር ነው፤ «ገንዘብ አለኝ» እንደምንለው፣ ማለትም «አይ ሃቭ»። እዚህ የምናወራው ላልቶ ስለሚነበበው ነው።

2. ሰውየውን የት እንደምታስቀምጡት

ቴልን እንደ «ሰጠ» አስቡት። ወሬ መስጠት ነው። «ጊቭ ሚ ዘ ኪይ» ስትሉ ተቀባዩን ወዲያው ከግሱ ቀጥሎ ታስቀምጡታላችሁ፤ «ቴል ሚ ዘ ፕራይስ»ም እንደዚያው ነው። መሃል ላይ «ቱ» አትገባም። «ቴል ቱ ሚ» አይባልም።

ሴይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዋና ጉዳዩ የተባለው ነገር ነው፤ ሰው ማስገባት የግድ ከሆነበት በ«ቱ» በኩል ያስገባዋል። «ዋት ዲድ ሺ ሴይ ቱ ዩ?» ትክክል ነው። «ዋት ዲድ ሺ ሴይ ዩ?» አይደለም። «ኤክስፕሌን»ም ከሴይ ወገን ስለሆነች «ኤክስፕሌን ሚ» አትበሉ፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» በሉ። ይህችኛዋ ብዙ የተማረ ሰውን ሳይቀር ታሳስታለች።

ቴል በድሮው እንግሊዝኛ መቁጠርም ማለት ነበር። ባንክ ቤት ብር ቆጥሮ የሚሰጠን ሰው «ቴለር» የተባለው ከዚያ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ቴል ሲመጣ ተቀባይ ፈልጉ፤ «ሂ ቶልድ ዛት ሂ ኢዝ ሲክ» ብላችሁ ያለተቀባይ አትተዉት። ወይ «ሂ ቶልድ ሚ»፣ ወይ «ሂ ሴድ»።

3. ትእዛዝ ከሆነ

ይሄ ቀላል ነው። «ጠብቅ አለኝ» «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት»። «አትንካው አለችኝ» «ሺ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ተች ኢት»። ቴል፣ ሰው፣ ቱ፣ ግስ። ስፌት ላይ ያላችሁ ሰዎች ይሄኛው በየቀኑ ያስፈልጋችኋል፦ «ስፌቱን ፍታው አለችኝ» ለማለት «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ሪሙቭ ዘ ስቲችስ» በሉ።

ግን ሆቴል ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ዘ ገስት ቶልድ ሚ ቱ ብሪንግ ዋተር» ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ጆሮ ላይ ግን እንግዳው ያዘዛችሁ፣ ምናልባትም ቆጣ ብሎ የተናገረ ይመስላል። በትሕትና ከጠየቀ «ዘ ገስት አስክድ ሚ ቱ ብሪንግ ዋተር» በሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለእንግዳው ራሱ «አይ ቶልድ ዩ» ማለት ነው። እናንተ «ነግሬዎት ነበር» ለማለት ነው የፈለጋችሁት፤ እሱ የሚሰማው ግን «ነግሬህ ነበር እኮ!» የሚል ነቀፌታ ነው። በእሱ ፋንታ «አዝ አይ ሜንሽንድ» (ቀደም ሲል እንደጠቀስኩት) ብላችሁ ጀምሩ። ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

4. የሰውየው «እኔ» የእናንተ «እኔ» እንዳይሆን

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። እስካሁን ያሉት ስህተቶች ቢበዛ ጆሮ ይቆረቁራሉ፤ ይሄኛው ግን ትርጉም ያጠፋል፣ አንዳንዴም ሰው ያጣላል።

አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። «ነገ እሄዳለሁ አለ» ስንባባል ሂያጁ ማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም፤ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ቃል በቃል «ሂ ሴድ አይ ዊል ጎ ቱሞሮ» ካላችሁ ሰሚው የሚረዳው እናንተ እንደምትሄዱ ነው።

እስቲ በሆቴል እንየው። እንግዳው ማታ ሲገባ ለተረኛዋ «ነገ ጠዋት እከፍላለሁ» አላት። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ፣ የውጭ ዜጋ ነው እንበል፣ ሂሳቡ ለምን እንዳልተዘጋ ጠየቃት። እሷም «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ፔይ» አለችው። ቴልን በትክክል ተጠቅማለች፤ «ሚ»ንም ቦታዋ ላይ አስቀምጣለች። ግን ሥራ አስኪያጁ የሰማው እንግዳው ተረኛዋ ራሷ እንደምትከፍል እንደነገራት ነው! ለምን አንቺ ትከፍያለሽ ብሎ ቢጠይቃት ምን ትመልሳለች? እሷ ምንም ያጠፋችው እየመሰላት አይደለም፤ እሱም ምንም አልገባውም።

መፍትሔው ከእንግሊዝኛው በፊት አማርኛውን መገልበጥ ነው። «አለ» እና «አለኝ» የሚሉትን «እንደ» ወዳለበት አነጋገር ቀይሩ። «ነገ እከፍላለሁ አለኝ» የሚለውን «ነገ እንደሚከፍል ነገረኝ» አድርጉት። አያችሁ? «እንደ» ስትገባ «እኔ» በራሱ ጊዜ ወደ «እሱ» ተቀየረ። ከዚህ በኋላ እንግሊዝኛው ያለምንም ትግል ይከተላል፦ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ፔይ ቱሞሮ»።

ሌላ እንሞክር። «ደርሻለሁ አለችኝ» ከሚለው ተነሱ፤ «እንደደረሰች ነገረችኝ» አድርጉት፤ «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ሃድ አራይቭድ» ይመጣል። «አልጋ አልያዝኩም አለ» የሚለውን «አልጋ እንዳልያዘ ተናገረ» በሉት፤ «ሂ ሴድ ሂ ሃድንት ቡክድ ኤ ሩም» ይሆናል። «ታረፍዳለህ አለኝ» ደግሞ «እንደማረፍድ ነገረኝ» ነው፤ እዚህ ላይ የሚያረፍደው በእርግጥም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዉድ ቢ ሌት»። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ማሰብ ይመስላል፣ ያዘገያልም፤ ግን ከለመዳችሁት በኋላ አፋችሁ ራሱ መንገዱን ያገኘዋል።

ጥያቄ ሲሆን ሴይም ቴልም አይሆኑም። «ዋና ትችላለህ? አለችኝ» ስንል አማርኛው ላይ «አለችኝ» ብትኖርም ነገሩ ጥያቄ ነው፤ «ዋና እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ» ብላችሁ ገልብጡና «ሺ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ኩድ ስዊም» በሉ። ጀልባ የምታንቀሳቅሱ ልጆች ይህችን ያዟት፣ እንግዶች ሊጠይቁ ከሚችሉት የመጀመሪያው ነው።

የጊዜውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ወሬው ትናንት የተወራ ከሆነ «ኢዝ» ወደ «ዋዝ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ» ይሄዳል። ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ባትቀይሩትም ያስኬዳል። በንግግር መሃል እዚህ ላይ ቆማችሁ አትጨነቁ። «ዊል»ን ሳትቀይሩ ብትቀሩ ሰው ይረዳችኋል፤ «ሂ»ን በ«አይ» ካምታታችሁ ግን አይረዳችሁም። ጭንቀታችሁን የሰውየው ላይ አድርጉት።

5. «ተባልኩ» እና «ይባላል»

«እዚህ ጠብቅ ተባልኩ» ለማለት «አይ ዋዝ ቶልድ ቱ ዌይት ሂር» ነው። «አይ ዋዝ ሴድ» አይባልም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ «ተባልኩ» ውስጥ ሰሚው እኔ ነኝ፣ ሰሚ ያለበት ደግሞ ቴል ነው። ይህች አነጋገር ሥራ ላይ በጣም ትጠቅማለች፦ ማን እንዳዘዘ ስም መጥራት ሳትፈልጉ ስትቀሩ «አይ ዋዝ ቶልድ» ብሎ መጀመር ማንንም ሳይጠቁም ነገሩን ያስረዳል።

«ይባላል» ግን ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሰው የሚለው፣ የሚወራ ነገር ከሆነ «ዜይ ሴይ» ወይም «ፒፕል ሴይ» በሉ፤ «ጉማሬዎቹን ለማየት ጠዋት ይሻላል ይባላል» ስትሉ «ዜይ ሴይ ሞርኒንግ ኢዝ ዘ ቤስት ታይም ቱ ሲ ዘ ሂፖስ»። ስም ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ወጥታችሁ «ኢዝ ኮልድ» በሉ። እንግዳው አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጁ የዘረጋውን እያየ ሲጠይቃችሁ «ዚስ ፊሽ ኢዝ ኮልድ ቆሮሶ» ብላችሁ፣ «ኢን ኢንግሊሽ ዊ ሴይ ቲላፒያ» ብትጨምሩለት ደስ ይለዋል።

ጽሑፍ፣ ማስታወቂያ፣ ሜኑ ላይ ችግር የለብንም፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አንድ ናቸው። «ማስታወቂያው መዋኘት ክልክል ነው ይላል» «ዘ ሳይን ሴዝ ኖ ስዊሚንግ»።

6. «ኝ» እያለች ሴይ የሚሆንበት ቦታ

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሰጠኋችሁ ሕግ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ይቅርታና ስንብት ላይ። «ይቅርታ አለኝ» ውስጥ «ኝ» አለች፤ ሆኖም «ሂ ቶልድ ሚ ሶሪ» አይባልም፣ «ሂ ሴድ ሶሪ ቱ ሚ» ነው። «ደህና ሁን ሳይለኝ ሄደ» «ሂ ሌፍት ዊዛውት ሴዪንግ ጉድባይ ቱ ሚ»። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ደግሞ «ሴይ ሃሎ ቱ ዩር ማዘር ፎር ሚ»። «ቱ»ዋን አትርሷት።

«እሺ» እና «እምቢ»ም ልዩ ናቸው። «እሺ አለኝ» ስንል ብዙ ጊዜ ተስማማ ማለታችን ስለሆነ «ሂ አግሪድ» የሚለው ይበልጥ ያምራል። «እምቢ አለች» «ሺ ሪፊውዝድ»። ቀለል ላለ ወሬ «ሂ ሴድ የስ»፣ «ሺ ሴድ ኖ» ማለትም ይቻላል።

«ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ደስ አለው» የሚሉት ላይ ያለው «አለ» ከመናገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው እንግሊዝኛ አላቸው። ይህን ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። «ዝም አለኝ» ብቻ ትንሽ ታስቸግራለች፤ «መልስ አልሰጠኝም» ብላችሁ ቀይሯትና «ሂ ዲድንት አንሰር ሚ» በሉ።

7. በቃል የሚያዙት

ጥቂቶች ሕግ የላቸውም፣ መልመድ ብቻ ነው። እውነት፣ ውሸት፣ ተረት፣ ቀልድ፣ ምስጢር ከቴል ጋር ይሄዳሉ፤ ሰሚ ባይጠቀስም እንኳ። «ቴል ዘ ትሩዝ»፣ «ቴል ኤ ላይ»፣ «ቴል ኤ ስቶሪ»፣ «ቴል ኤ ጆክ»፣ «ቴል ኤ ሲክረት»። እኛ እውነትን «እንናገራለን»፣ ተረትን «እናወራለን»፣ ስለዚህ አፋችን ወደ «ስፒክ» እና «ቶክ» ይሄዳል፤ ቶሎ መልሱት። «ሴይ ዘ ትሩዝ» የሚለው ከሁሉ በብዛት የሚሰማ ነው። ጸሎት ግን ከሴይ ጋር ነው፤ «ሴይ ኤ ፕሬየር»።

ቴል «መለየት» የሚል ትርጉምም አላት። መንትዮቹን መለየት ካቃታችሁ «አይ ካንት ቴል ዜም አፓርት» ትላላችሁ። ፊቱ ላይ ድካም ካያችሁ «አይ ካን ቴል ዩ አር ታይርድ»፤ «እንደደከመህ ያስታውቃል» እንደማለት ነው።

«ቴል ዘ ታይም»ን ለብቻዋ ያወጣኋት በምክንያት ነው። እንግዳ «ካን ዩ ቴል ሚ ዘ ታይም?» ሲላችሁ፣ ወይም እናንተ የጀልባውን ሰዓት ስትነግሩት፣ የእኛን አቆጣጠር በቀጥታ አታሻግሩለት። ጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ 6 ነው። «ትዌልቭ» ካላችሁት ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ጀልባው ደግሞ ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዷል። «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብላችሁ ንገሩት፤ ከተቻለ ወረቀት ላይ ጻፉለት።

8. አነባበቡ

ሁለት ነገር ብቻ። የሴይ ያለፈ ጊዜ «ሰይድ» ተብሎ አይነበብም፤ «ሴድ» ነው፣ አጠር ተደርጎ። «ሺ» እና «ሂ» ሲመጡ ደግሞ «ሰይስ» ሳይሆን «ሴዝ» ነው። አጻጻፉ ስለሚያሳስት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። «ቶልድ» ላይ መጨረሻዋን «ድ» አትዋጧት።

9. አለማመዱ

ብቻችሁን ከሆናችሁ ቴሌግራም ላይ የቆየ ወሬ ክፈቱ። ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ የላከላችሁን አማርኛ መልእክት ውሰዱና መጀመሪያ በ«እንደ» ገልብጡት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ በሉት፣ ድምፃችሁን በስልክ ቅዱት። መልሳችሁ ስትሰሙት «ሴድ ሚ» እና «ቴል ቱ» ጆሯችሁን ይይዙታል። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ደስ አይልም፣ ግን እንደሱ የሚያርም መምህር አላውቅም።

ሦስት ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዳችሁ አንዱ በአማርኛ ይናገር፤ ሁለተኛዋ ሰምታ ለሦስተኛው በእንግሊዝኛ ታድርስ፤ ሦስተኛው የሰማውን ወደ አማርኛ ይመልስ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ የት እንደተበላሸ ወዲያው ይታያል፣ ብዙ ጊዜም የተበላሸው «እኔ»ዋ ላይ ነው።

ለመነሻ የሚሆኑ እነሆ፤ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሸፍኑትና ራሳችሁ ሞክሩ።

«ቁርስ አልበላሁም አለችኝ።» ሺ ቶልድ ሚ ሺ ሃድንት ኢተን ብሬክፋስት።

«ቅዱስ ገብርኤል ስንደርስ ጫማ አውልቁ ተባልን።» ዊ ዌር ቶልድ ቱ ቴክ ኦፍ አወር ሹስ አት ሴንት ገብርኤል።

«ባጃጁ መቶ ብር አለኝ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩት።» የባጃጁ ሾፌር ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ፦ ዘ ድራይቨር ቶልድ ሚ ኢት ዋዝ ዋን ሃንድረድ ብር፣ በት አይ ሴድ ኖ።

«ጋሼ ሰላም ብለውሻል።» ሂ ሴዝ ሃሎ።

«መንገዱን ንገረኝ።» ቴል ሚ ዘ ዌይ።

«ነገ እደውልልሻለሁ ብሎኝ ቀረ።» ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ኮል ሚ ዘ ኔክስት ዴይ፣ በት ሂ ዲድንት። እዚህ ላይ ቀኑ ስላለፈ «ቱሞሮ» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ» መቀየሯን ልብ በሉ።